ባሌን ያረሰው በረዶ

(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ ንግግር፤ ለመጽሔታችን አንባብያን እንዲመች ሆኖ የተጻፈ)



ከጎባ ተነስቶ ወደ ደሎ መና የሚጓዝ ሰው የሳነቴን አምባ ሳያቋርጥ አያልፍም። መኪናው ከጎባ ወጥቶ ዳገቱን ሲያያዘው መጀመሪያ ደኑ ይሸኘዋል፤ ቀጥሎ አስታው ይመጣል፤ አስታውም እያጠረ እያጠረ ሄዶ ቁጥቋጦ ይሆንና ከናካቴው ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሌላ ዓለም ነው ማለት ይቻላል። ከባሕር ጠለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋ ሰፊ ሜዳ፣ እዚህም እዚያም ብቻውን እንደ ዘበኛ የቆመ ጅብራ፣ ከጉድጓዱ ብቅ ብሎ ወዲያው የሚሰወር ፍልፈል፣ እሱን የሚያደባ ቀይ ቀበሮ። ንፋሱ አጥንት ሰብሮ ይገባል። በበጋ ሌሊት ብርዱ ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ ይወርዳል።

በዚህ ሜዳና በዙሪያው ባሉ ተዳፋቶች ላይ ሰውን ቆም አድርጎ የሚያስጠይቅ ነገር አለ። ማዕዘን ያላቸው ትላልቅ ድንጋዮች በረድፍ በረድፍ ተደርድረው፣ በረድፎቹ መሐል ሣርና አፈር ሆኖ፣ ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ። አንዳንዱ ረድፍ እስከ 1,000 ሜትር ይረዝማል፤ ስፋቱ እስከ 15 ሜትር፣ ጥልቀቱ እስከ 2 ሜትር ይደርሳል። ከሩቅ ሲያዩት የፈረሰ የጥንት አጥር፣ ወይም ግዙፍ ሰዎች ያረሱት እርሻ ይመስላል። ወደ ጎባ ወረድ ሲሉ ደግሞ በሸለቆዎቹ አፍ ላይ ቤት የሚያካክሉ ቋጥኞች ተከምረው ይታያሉ። ወንዙ እዚያ ያደረሳቸው እንዳይባል ወንዙ ትንሽ ነው። ሰው ተሸክሞ አመጣቸው ማለትም አይቻልም። እንግዲያው ማን አመጣቸው?

መልሱ በአጭሩ በረዶ ነው። ይህ ሲባል ብዙዎቻችሁ ግራ እንደምትጋቡ እናውቃለን። አፍሪካ ውስጥ፣ ያውም ከምድር ወገብ 7 ዲግሪ ያህል ብቻ ርቆ በሚገኘው በባሌ፣ ተራራ የሚያርስ በረዶ ከየት መጣ? ዛሬ የምናወራው ስለዚሁ ነው። ነገሩ የድንጋይ ወሬ ብቻ አይደለም፤ ከጎባ እስከ ዶሎ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ሶማሊያ ድረስ ብዙ ቤተሰብ የሚጠጣው ውሃ ከዚሁ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነውና።

በቅድሚያ ስለ ቃሉ አንድ ነገር እንበል። በእኛ አማርኛ በረዶ የምንለው ብዙ ነገር ነው። በክረምት እንክብል ሆኖ ጣሪያ የሚደበድበውም በረዶ ነው፤ በማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋው ውሃም በረዶ ነው፤ በቀዝቃዛ አገር እንደ ባዘቶ ለስልሶ የሚወርደውም በረዶ ነው። እዚህ ላይ የምንነጋገርበት ግን ግግር በረዶ የሚባለው ነው። ባዘቶ መሳዩ በረዶ በከፍተኛ ቦታ ላይ ይወርዳል። በዓመቱ ውስጥ የወረደው ሁሉ ሳይቀልጥ ከቀረ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ይደረብበታል። እንዲህ እየተደራረበ መቶዎችና ሺዎች ዓመታት ሲያልፉ የታችኛው ከላይ ባለው ክብደት ተጨቁኖ፣ አየሩ ወጥቶለት፣ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል።

የሚገርመው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ይህ የጠነከረ በረዶ በአስር የሚቆጠሩ ሜትሮች ውፍረት ሲኖረው ባለበት አይቆምም፤ በገዛ ክብደቱ ወደ ቁልቁል ይፈስሳል። አፈሳሰሱ እንደ ውሃ አይደለም፤ በብርድ ቀን ከዕቃ ወደ ዕቃ እንደሚገለበጥ ማር ነው። ዐይን አያየውም፤ ነገር ግን ዓመት ቆይቶ የሚያስተውለው ሰው ቦታውን ለቆ ወደ ታች መሄዱን ያገኘዋል። ሲሄድም እጁን አጣጥፎ አይሄድም። በዐለቱ ስንጥቅ ውስጥ የገባው ውሃ ሲረጋ ያብጥና ዐለቱን ይፈለቅቃል፤ በረዶውም የተፈለቀቀውን ድንጋይ ነክሶ ይይዛል። ከዚያ በኋላ ድንጋይ የነከሰው የበረዶ ሆድ ሞረድ ሆነ ማለት ነው። የሚያልፍበትን ዐለት ይሞርደዋል፣ ይፍቀዋል፣ ይፈጨዋል።

ወንዝና በረዶ ሸለቆ ሲቆፍሩ ስልታቸው ለየቅል ነው። ወንዝ እንደ ቢላ ነው፤ ጠባብና ጥልቅ አድርጎ ይቆርጣል፤ የዓባይን በረሃ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። በረዶ ግን ሸለቆውን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ስለሚሄድ ወለሉንም ግድግዳውንም አንድ ላይ ይልጋል። ሲቀልጥ የሚተወው ሸለቆ ወለሉ ሰፊ፣ ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ልክ እንደ ገበቴ ነው። ግግር በረዶው በሚጀምርበት በተራራው ራስጌ ደግሞ በጭልፋ እንደተዛቀ ያለ ጎድጓዳ ይቀራል፤ ከኋላው ገደል፣ ከፊቱ ዝቅተኛ ጠርዝ ያለው። እንዲህ ያለው ጎድጓዳ ብዙ ጊዜ ውሃ ይቋጥርና ሐይቅ ይሆናል።

ከሁሉም በላይ ምስክር የሚሆነው ግን ኮተቱ ነው። በረዶው የፈለቀቀውን ሁሉ ተሸክሞ ይወርድና መጨረሻው ላይ፣ ሙቀቱ ከሚያቀልጠው ቦታ ሲደርስ፣ ሸክሙን ያራግፋል። እናቶቻችን ይህን በቀላሉ ይረዱታል፡- ውሃ ወንፊት ነው፣ በረዶ ግን ጆንያ ነው። ጎርፍ የሚያመጣውን ይለያል፤ ትልቁን ድንጋይ ከላይ ይጥላል፣ ጠጠሩን ዝቅ ብሎ፣ አሸዋውን ከዚያ ወዲያ፣ ደለሉን ሜዳ ላይ። በረዶ ግን ሁሉንም አንድ ላይ ይዞ አንድ ላይ ይደፋዋል። ስለዚህ እንደ ዱቄት የላመ አፈርና ቤት የሚያክል ቋጥኝ ተደባልቀው፣ ሸለቆውን እንደ ግድብ አቋርጠው ከተገኙ፣ ያመጣቸው በረዶ ለመሆኑ ትልቅ ማስረጃ ነው። በጎባ በላይ ባለው በቶጎና ሸለቆ፣ በጎረቤቱ በሐርቻና በዋሳማ ሸለቆዎች የሚታዩት ክምሮች እንዲህ ያሉ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በቅንፍ እናስገባ። በአውሮፓም ሰዎች ከተራራ ርቀው ሜዳ ላይ የተቀመጡ ባዕድ ቋጥኞችን እያዩ ለረዥም ዘመን ሲደነቁ ኖረዋል። ብዙዎቹ ሊቃውንታቸው በነቢዩ ኑሕ (ዐ.ሰ) ዘመን የነበረው የጥፋት ውሃ ያመጣቸው ናቸው ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1837 ሉዊ አጋሲ የተባለ የስዊዘርላንድ ሊቅ በአንድ የሳይንስ ጉባኤ ላይ ተነስቶ ቋጥኞቹን ያመጣው ግግር በረዶ ነው፣ አውሮፓም በአንድ ወቅት በበረዶ ተሸፍና ነበር ሲል ብዙዎች አልተቀበሉትም። የአልፕስ እረኞችና ገበሬዎች ግን ከእሱ በፊት ነገሩን ያውቁት ነበር፤ በረዶው በየዓመቱ ድንጋይ ሲያወርድ በዐይናቸው ያዩ ነበርና። የሊቃውንቱ ክርክር ያበቃው እነሱ ያዩትን ሄዶ በማየት ነው።

ወደ ባሌ እንመለስ። በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ በረዶ እንደነበረ የሚናገሩ ጥናቶች ከብዙ አሥርት ዓመታት በፊት የተጀመሩ ናቸው፤ በሰሜን ተራሮች፣ በአርሲ ባዳ ተራራ፣ በባሌም ምልክቶቹ ተመዝግበዋል። ሄንሪ ኦስማስተን የተባሉ እንግሊዛዊ ከባልደረቦቻቸው ጋር የባሌን ምልክቶች ለቅመው እ.ኤ.አ. በ2005 ሰፊ ጽሑፍ አወጡ፤ በሳነቴ አናት ላይ፣ በቱሉ ዲምቱ ዙሪያ፣ በረዶው እንደ ቆብ ተደፍቶ እንደነበረም አሳዩ። ሆኖም አንድ ትልቅ ጥያቄ ሳይመለስ ቆየ። መቼ? የሚለው።

የድንጋይን ዕድሜ ማን ይናገራል?

ቋጥኝ የልደት ወረቀት የለውም። ነገር ግን ዘዴ ተገኝቷል፤ ዘዴው ደግሞ የሚያስደንቅ ነው። ከጠፈር ወደ ምድራችን ያለማቋረጥ የሚዘንቡ፣ በዐይን የማይታዩ ጨረሮች አሉ። እነዚህ ጨረሮች የድንጋዩን ገጽ ሲመቱ በውስጡ ካሉት ንጥረ ነገሮች ጥቂቱን እየለወጡ ክሎሪን 36 የሚባል ልዩ የክሎሪን ዓይነት ይፈጥራሉ። ድንጋዩ በወፍራም በረዶ ሥር ተቀብሮ ሳለ ጨረሩ አያገኘውም። በረዶው ቀልጦ ቋጥኙ ለሰማይ ከተጋለጠበት ቀን ጀምሮ ግን ክሎሪን 36 ቀስ በቀስ ይጠራቀምበታል። ፀሐይ ላይ የዋለ ሰው ፊቱ ምን ያህል እንደጠቆረ ታይቶ ስንት ሰዓት እንደዋለ እንደሚገመት ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ ከቋጥኙ አናት ትንሽ ፈልጠው ወስደው፣ የተጠራቀመውን በመሣሪያ ለክተው፣ ቋጥኙ ለስንት ዓመት ሰማይ እንዳየ ያሰላሉ።

በዚህ መንገድ በባሌና በአርሲ ተራሮች የተሠራው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። በጥናቱ መሠረት የእኛ ተራሮች በረዶ ከፍተኛ ስፋቱ ላይ የደረሰው ከ42 ሺህ እስከ 28 ሺህ ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ነው። በባሌ ብቻ 265 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ቦታ በበረዶ ተሸፍኖ ነበር፤ ይህም የዛሬዪቱን አዲስ አበባ ግማሽ ያህላል። በዚያ ወቅት የተራሮቹ ሙቀት ከዛሬው ከ4.4 እስከ 6 ዲግሪ ያነሰ ነበር።

አምስት ዲግሪ ምን አላት? የሚል ይኖራል። በተራራ ላይ ብዙ አላት። አንድ ሺህ ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር ሙቀቱ በግምት 6 ዲግሪ ይቀንሳል። ስለዚህ የአምስት ዲግሪ ቅዝቃዜ ተራራውን ከነበረበት 800 ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ እንደማስቀመጥ ይቆጠራል። 4,377 ሜትር የሆነው ቱሉ ዲምቱ ከ5,000 ሜትር በላይ እንዳለ ተራራ ይሆናል ማለት ነው። በኪሊማንጃሮና በኬንያ ተራራ አናት ላይ እስከ እኛ ዘመን ግግር በረዶ የቆየው በዚሁ ከፍታ የተነሳ ነው፤ ያም ቢሆን ከዓመት ዓመት እየሳሳ ነው። ዛሬ በሳነቴ በረዶ ቢጥል ብዙ ሳይቆይ ይሟሟል፤ በዚያ ዘመን ግን ይከማች ነበር። ዛሬ በሳነቴ የምናየው ሣርና ቁጥቋጦም 700 ሜትር ያህል ወደ ታች ወርዶ ነበር። ይህም ሲሰላ ዛሬ ገብስ በሚዘራበት ደጋ ላይ ጅብራ ይበቅል ነበር እንደማለት ነው።

ልብ በሉ፣ የዓለም ትልቁ ብርድ የነበረው ከዚህ ዘግይቶ፣ ከ21 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ የሰሜን አሜሪካና የሰሜን አውሮፓ ሰፊ ክፍል በበረዶ ተቀብሮ፣ ውሃው ሁሉ በበረዶ ተይዞ፣ የባሕር ጠለል ከዛሬው 120 ሜትር ያህል ወርዶ ነበር። የባሌ በረዶ ግን ያኔ መቀነስ ጀምሮ ነበር። ለምን? ብርድ ብቻውን ግግር በረዶ አይሠራም፤ ከሰማይ የሚወርድ እርጥበትም ያስፈልገዋል። ምድር ይበልጥ በቀዘቀዘችበት ጊዜ የአፍሪካ ምሥራቅ ደረቅ ስለነበረ፣ በረዶው ስንቅ እንዳጣ ይገመታል። ልክ እንደ ጤፍ ነው፤ መሬቱ ቢመች ዝናብ ካልጣለ ምርት የለም። ተመራማሪዎቹ እንዳረጋገጡት የምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች በረዶ ሁሉም በአንድ ጊዜ አላደገም፣ በአንድ ጊዜም አልቀነሰም፤ እያንዳንዱ እንደ ዝናቡና እንደ አቀማመጡ ነው።

ለመሆኑ እነዚያ የተደረደሩ ድንጋዮችስ? እነሱ የግግር በረዶው ሥራ አይደሉም፤ በበረዶው ዘመን የነበረው የብርድ ሥራ ናቸው። መሬት ውስጥ ያለው ውሃ ሲረጋ መጠኑ ያብጣል፤ ሲያብጥ ድንጋይን ወደ ላይና ወደ ጎን ይገፋል፤ ሲቀልጥ አፈሩ ተመልሶ ይቀመጣል፣ ድንጋዩ ግን ወደ ነበረበት አይመለስም። ይህ እልፍ ጊዜ ሲደጋገም ድንጋዩ ከድንጋይ ጋር፣ አፈሩ ከአፈር ጋር ይሰበሰባል። መሬቱ ትንሽ ተዳፋት ከሆነ ስብስቡ ወደ ታች ይሳብና ረድፍ ይሆናል። ሰፌድ ላይ የሚነፋ እህል ከእንክርዳዱ እንደሚለየው ሁሉ ብርዱ ድንጋዩንና አፈሩን አበጠረው። ዛሬ በሳነቴ የሚወርደው ውርጭ ከመሬቱ ገጽ እምብዛም አያልፍም፤ እንደዚያ ያለውን ቋጥኝ የሚያንቀሳቅስ ጉልበት የለውም። ስለዚህ ረድፎቹ የቆሙት ያ ዘመን ሲያበቃ ባሉበት ነው። እጅግ ጥንታዊ ናቸውና መንገድ ለመሥራት ወይም አጥር ለማጠር ተብለው ቢነሱ የሚመልሳቸው የለም።

ደግሞ እንዳንሳሳት፣ ተራራውን ራሱን የሠራው በረዶ አይደለም። የባሌ ተራሮች ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት ከምድር ሆድ የወጣ እሳተ ገሞራ ተነባብሮ ያቆማቸው ናቸው። በረዶው የመጣው ሕንፃው ካለቀ በኋላ ነው፤ ጠርቦ፣ ልጎ፣ ጎድጉዶ ሄደ።

በበረዶው ጥግ የኖሩ ሰዎች

እንዲህ ባለ ብርድ ማን ይኖራል ይባል ይሆናል። የኖሩ አሉ። በወይብ ሸለቆ ፊንጫ ሐበራ ከሚባለው ፏፏቴ አጠገብ፣ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ፣ የዐለት ጥላ የሆነ ዋሻ መሳይ ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ሰዎች ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ በዚህ ቦታ እየተመላለሱ ይኖሩበት ነበር። ይህ ማለት ከበላያቸው ያለው ሸለቆ በበረዶ በተሞላበት ዘመን ነው።

ሰዎቹ ምን ይበሉ እንደነበረም ታውቋል። በምድጃቸው አመድ ውስጥ የተገኘው አጥንት አብዛኛው የፍልፈል ነው፤ ዛሬም በሳነቴ የሚገኘው፣ ከባሌ በስተቀር በሌላ ዓለም የሌለው ትልቁ ፍልፈል። ጠብሰው ይበሉት ነበር። ለመቁረጫ የሚጠቀሙበትን ባልጩት የሚያመጡት ደግሞ ከ4,200 ሜትር በላይ ካለ ቦታ፣ ከበረዶው ጫፍ አጠገብ ነው። ውሃስ? በረዶው ሲቀልጥ የሚወርደው ነበራቸው። ከቆላው ድርቅ ሸሽተው ይሆን ወደዚያ የወጡት? ተመራማሪዎቹ ይህንንም አስበውበታል። እኛን የገረመን ግን ሌላ ነው። ለሰው መኖሪያ አይመችም ብለን የምንተወው ከፍታ ለእነዚያ ሰዎች የእህል ጎተራ፣ የመሣሪያ ማከማቻና የውሃ ጉድጓድ ነበር።

ሐይቁ የጻፈው ማስታወሻ

በቶጎና ሸለቆ ራስጌ፣ 3,950 ሜትር ላይ፣ ገርባ ጉራቻ የሚባል ትንሽ ሐይቅ አለ። ስሙ በኦሮምኛ ጥቁር ሐይቅ ማለት ነው። ቀደም ብለን በጭልፋ የተዛቀ ያልነው ጎድጓዳ ይኸው ነው፤ በረዶው የቆፈረው፣ በረዶው ሲሄድ ውሃ የሞላው። ጥልቀቱ ብዙ አይደለም፤ በወለሉ ላይ የተቀመጠው ጭቃ ግን ብዙ ነገር ይናገራል። በየዓመቱ ከዳገቱ የሚታጠብ አፈር፣ ከዙሪያው የሚነፍስ የአበባ ብናኝ፣ ከሰደድ እሳት የሚመጣ ከሰል ሁሉ እየወረደ ተነባብሯል። የታችኛው ጭቃ ዕድሜው ከ16 ሺህ ዓመት ያላነሰ ነው፤ ስለዚህ በዚያን ጊዜ በረዶው ከጎድጓዳው ወጥቶ ነበር ማለት ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምድር ሳይንስ ተመራማሪ የነበሩት መሐመድ ኡመር ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ይህን ጭቃ በቱቦ አውጥተው፣ ብናኙን በማጉያ መነጽር ቆጥረው፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2007 አሳትመዋል። ከጭቃው እንደተነበበው በረዶው እንደሄደ ተራራው ራቁቱን ነበር፤ ሣርና ደረቅ ቦታ የሚወዱ ትናንሽ ዕፅዋት ብቻ ነበሩበት። ከ11 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ዝናቡ ሲበረታ አስታው ተስፋፋ። ኋላ ደግሞ አየሩ ሲደርቅ አስታው እያፈገፈገ ሄደ። እንግዲህ አንድ ተራራ ልብስ ለመልበስ ሺዎች ዓመታት እንደሚፈጅበት ከዚህ እንረዳለን።

ዕቃውና ውሃው

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ዛሬ ከባሌ የሚወርዱት ወንዞች ከበረዶ የሚቀልጥ ጠብታ እንኳ የላቸውም። በረዶው ካለቀ 15 ሺህ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ወንዞቹን የሚያጠጣቸው ዝናብ ብቻ ነው። ታዲያ ዝናቡ በጥቂት ወራት ሲቋረጥ ወንዞቹ ለምን አይደርቁም? ዝናቡን ይዞ የሚያቆይ ዕቃ ስላለ ነው። ዕቃውን በመሥራት ረገድ የበረዶው ድርሻ ቀላል አይደለም። የገበቴው ሸለቆ ሰፊ ወለል፣ በድንጋይ ክምር የተገደበው ረግረግ፣ በሳነቴ ላይ የተበታተኑት ኩሬዎች፣ በቋጥኝ መሐል ያለው ጥቁር አፈር፣ ይህ ሁሉ እንደ ሰፍነግ ነው። በክረምት ይጠጣል፣ በበጋ ቀስ እያለ ይለቃል።

ከዚህ ሰፍነግ የሚወጡትን ወንዞች ቁጠሩ፤ ወይብ፣ ወልመል፣ ያዶት፣ ዱማል፣ የገናሌና የዋቢ ሸበሌ ገባሮች። ወይብ ከተራራው ወርዶ በሼህ ሶፍ ኡመር ስም በተጠራው ዋሻ ውስጥ ያልፋል። (ዋሻውን የቦረቦረው ውሃው ራሱ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ነው፤ የበረዶ ሥራ አይደለም፤ ብዙ ሰው ሁለቱን ይቀላቅላል።) ከዚያም ቆላውን አቋርጦ ከገናሌ ይገናኛል፤ ገናሌም ዶሎ ላይ ከዳዋ ጋር ሲገናኝ ጁባ ይሆንና ወደ ሶማሊያ ይገባል። በኢትዮጵያ ደቡብ ምሥራቅ፣ በሶማሊያና በሰሜን ኬንያ በእነዚህ ውሃዎች የሚጠቀመው ሕዝብ 12 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆን ይገመታል። ዝናብ በማይጥልበት ወር በቆላው ግመል የምታጠጣ እናት፣ ለዉዱእ ውሃ የምትቀዳ ልጅ፣ ውሃው የመጣው ስሙን ሰምተውት ከማያውቁት ኩሬ ሊሆን ይችላል።

ጉዳዩ የሚያሳስበን ለዚህ ነው። በሳነቴ ላይ ያለው አፈር ስስ ነው። አስታው ለግጦሽ ተብሎ በእሳት ሲነድ፣ ረግረጉ በከብት ሰኮና ሲረገጥ፣ ሰፍነጉ ይጠነክራል፤ ዝናቡም ሳይሰርግ እንደ ጣሪያ ውሃ ይወርዳል። በቆላ ያሉት ክረምት ላይ ጎርፍ፣ በጋ ላይ ደረቅ አሸዋ ያገኛሉ። እርሻ ቢጎዳ ገበሬው ተክሎ፣ ክትር ሠርቶ ሊጠግነው ይችላል። ይህን ሸለቆ የሠራው በረዶ ግን ዳግመኛ መጥቶ አይሠራውም።

ይህን ስንል ጣታችንን በአርብቶ አደሩ ላይ ብቻ የምንቀስር አይደለንም። የባሌ ሰው ከብቱን በወቅት በወቅት ከቆላ ወደ ደጋ፣ ከደጋ ወደ ቆላ የሚያንቀሳቅስበት ጎዳንቱ የሚባል የቆየ ሥርዓት አለው። በዚህ ሥርዓት ሣሩ የሚያርፍበት ጊዜ ነበረው። ችግሩ የበረታው ሰውም ከብትም ሲበዛና ብዙዎች ዓመቱን ሙሉ በዚያው ከፍታ መስፈር ሲጀምሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። መዝገብ ላይ መግባቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን መዝገብ ሣር አይተክልም። ከብቱን የት እንደሚያሰማራ አማራጭ ያላገኘ ሰው ደግሞ ተከለከልክ ስለተባለ ብቻ አይተውም። በእኛ አስተያየት ከቆላው የሚጠጣው ሕዝብና ከተራራው የሚኖረው ሕዝብ አንድ ላይ ተቀምጠው ካልተመካከሩበት በቀር ይህ ነገር በጥበቃ ሠራተኛ ብቻ አይፈታም።

ከባሌና ከአርሲ ወጥተው በሰሜን አሜሪካ ሚኔሶታ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን አሉ። ያ አገር በሐይቆቹ ብዛት የታወቀ ነው፤ ሐይቆቹም እንደ ገርባ ጉራቻ ሁሉ በረዶው ጎድጉዶና ገድቦ የተዋቸው ናቸው። ልጆቻቸው በትምህርት ቤት ስለ በረዶ ዘመን ሲማሩ የወላጆቻቸውም ተራራ በዚያው ታሪክ ውስጥ እንዳለ ቢነገራቸው ደስ ይላቸው ነበር ብለን እናስባለን።

በመጨረሻም ቦታውን በዐይኑ ማየት ለሚፈልግ፣ በተለይ ለጎባና ለሮቤ ወጣቶች ይህን እንጠቁማለን። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ዲንሾ ነው፤ ፈቃድና መንገድ መሪ ከዚያ ይገኛል። ወቅቱ ከኅዳር እስከ ጥር ቢሆን ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ብርዱ ግን ያኔ ስለሚጠና ጋቢ ብቻ አይበቃም። ወደ ቶጎና ራስጌ በእግር ወይም በፈረስ ሲወጣ ሸለቆውን ከሚዘጋው የድንጋይ ክምር ላይ ቆም ብሎ ወደ ላይ መመልከት ነው። ገበቴው በግልጽ ይታያል። ከቋጥኞቹ አንዱን ጠጋ ብሎ ላየ ሰው ደግሞ ከጎኑ ያለው ትንሽ ጠጠር፣ ከሥሩ ያለው የላመ አፈር፣ ሁሉም አንድ ቀን አንድ ላይ እንደተደፉ ይገባዋል። ጠዋት ከተወጣ ከሰዓት በፊት ገርባ ጉራቻ ዘንድ መድረስ ይቻል እንደሆነ መንገድ መሪውን መጠየቅ ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ ጭጋጉ ሲወርድ አቅጣጫ ይጠፋልና።